ስለ አሮጌ መርከብና ስለ አዲስ ሳንቃ

የአቴና ሰዎች ቴሴዎስ ከቀርጤስ የተመለሰባትን ሠላሳ መቅዘፊያ ያላትን መርከብ ብዙ ዘመን ጠብቀው እንዳኖሯት ፕሉታርኮስ የተባለው የግሪክ ጸሓፊ ተርኳል። ሳንቃዋ ባረጀ ቍጥር አሮጌውን እያወጡ በስፍራው አዲስና ጽኑ ሳንቃ ይተኩ ነበር። ከዚህም የተነሣ ፈላስፎች በሁለት ተከፈሉ፤ እኵሌቶቹ መርከቢቱ ያችው የቀድሞዪቱ ናት ሲሉ፥ እኵሌቶቹ ሌላ ናት አሉ። ይህን ክርክር የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ የሚቈጥር አይታጣም። ነገር ግን በአቴና የሰው ሕይወት በዚሁ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይኸውም መርከቢቱ በየዓመቱ ወደ ዴሎስ ደሴት ስትላክ፥ እስክትመለስ ድረስ በከተማው ማንም በሞት እንዳይቀጣ ሕግ ስለ ነበረ፥ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ሞት ከተፈረደበት በኋላ የመርከቢቱን መምጣት እየጠበቀ በወኅኒ ቈየ። አፍላጦንም ይህን ሲጽፍ፥ አቴናውያን እንደሚሉት መርከቢቱ ቴሴዎስ የሄደባት ናት ብሎ ጨምሯል። እንግዲህ ሶቅራጥስ ከወዳጆቹ ጋራ የተነጋገረባቸው የመጨረሻ ቀኖች የተገኙት፥ ሕዝቡ የታደሰችውን መርከብ ያችው ናት ብሎ ስለ ተቀበላት ነው ማለት ይቻላል።

በ1655 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ቶማስ ሆብስ የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ነገሩን አጠነከረው። አንድ ሰው የሚወልቁትን አሮጌ ሳንቃዎች እየለቀመ ቢያኖር፥ በኋላም በቀድሞው ሥርዐታቸው ቢገጥማቸው፥ ከሁለቱ መርከቦች የቀድሞዪቱ የትኛዪቱ ናት? ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ብልህ ነው፤ ነገር ግን ከጽሕፈት ጠረጴዛ የተነሣ እንጂ ከአናጢ ደጅ የተነሣ አይመስልም። ምነው ቢሉ፥ ከመርከብ ላይ ደኅናውን ሳንቃ የሚነቅል የለም፤ የሚነቀለው የበሰበሰው ነው። የበሰበሰውን ለቅሞ የገጠመም ሰው የማገዶ ክምር አቆመ እንጂ መርከብ አልሠራም። በሐሳብ ያለ እንጨት አይበሰብስም፤ በባሕር ያለ እንጨት ግን ይበሰብሳልና የጥያቄው ፍች ከዚህ መነሣት አለበት። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ስለ ሆነ፥ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ይጣልና ሌላ ይታሰራል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ክርክር በርሱ ላይ አይነሣም። የሚነሣው በሳንቃ መርከብ ላይ ነው፤ ዕድሜዋ ከአንድ ሰው ዕድሜ ሊበልጥ ይችላልና።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ በአሜሪካ ይገኛል። ጆሹዋ ስሎከም በ1844 ዓ.ም. በኖቫ ስኮሽያ የተወለደ የሸራ መርከብ አለቃ ነበር። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች የሸራውን ሥራ ስለ ወሰዱት ያለ ሥራ በተቀመጠበት ጊዜ፥ በ1892 ዓ.ም. ቀድሞ የዓሣ ነባሪ አዳኞች አለቃ የነበረ ወዳጁ መርከብ እንደሚሰጠው፥ ጥቂት ጥገና ግን እንደሚያስፈልጋት ነገረው። ስሎከም በማሳቹሴትስ ወዳለችው ወደ ፌርሄቨን ቢሄድ፥ ስፕሬይ የተባለችውን መርከብ በመስክ መካከል ሸራ ለብሳ ቆማ አገኛት። ሰባት ዓመት ያህል እንዲሁ ቈይታ ነበርና ስጦታው ከቀልድ የሚቈጠር ነበረ። የሰፈሩ ሰዎች በመጀመሪያ ሊያፈርሳት የመጣ መሰላቸው፤ ሊያድሳት እንደ ሆነ በሰሙ ጊዜ ግን ተደነቁ፥ ያዋጣሃልን? እያሉም ከዓመት በላይ ጠየቁት።

ስሎከም በአጠገቡ ከነበረው ጽኑ ዛፍ አንዱን በመጥረቢያ ቈርጦ ለመርከቢቱ የሥር ግንድ አደረገው። ጐድኖቿን በእንፋሎት እያለሰለሰ አጐበጣቸው። ውፍረቱ አንድ ኢንች ተኩል የሆነ የጆርጅያ ጥድ ሳንቃ በላያቸው መታ፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውንም ስንጥቅ በጥጥና በቃጫ ወተፈው። ጥጡ እየሾለከ ይወጣል ብሎ የነቀፈው ሰው ነበር፤ ጥጡ ግን አልወጣም። ሥራው 13 ወር ፈጀ፥ ለዕቃ የወጣው ገንዘብም 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ሆነ። አሮጌዪቱ በየትኛው ቀን አልቃ አዲሲቱ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረች ለመናገር ራሱ ስሎከም እንኳ ተቸግሯል። ይሁን እንጂ ስሟን አልለወጠም። በ1895 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከቦስተን ብቻውን ተነሥቶ፥ ከ46,000 ማይል በላይ ሄዶ፥ ዓለምን ዞሮ በ1898 ዓ.ም. በሰኔ ወር ተመለሰ፤ ከርሱ አስቀድሞ ይህን ብቻውን ያደረገ አልታወቀም። ከዚያም ስፕሬይን ወደ ፌርሄቨን ወስዶ ታድሳ ወደ ውሃ በወረደች ጊዜ በታሰረችበት በዚያው ችካል አሰራት።

እንግዲህ ያችው ናት የተባለች በምን ምክንያት ነው? ከእንጨቷ የቀረ ነገር አለ ለማለት ያስቸግራል። መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። መርከብ የሚያድስ ሰው ሳንቃዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ አይነቅልም፤ ቢነቅል ጐድኖቹ ይፍታታሉ፥ ቅርጹም ይጠፋል። አንዱን ነቅሎ፥ አዲሱን ከግራና ከቀኝ ባሉት ጎረቤቶቹ ለክቶ፥ መትቶ ካጸና በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው የሚሄደው። ስለዚህ አዲሱ ሳንቃ ልኩን ከአሮጌው ይቀበላል፤ እርሱም በተራው ከርሱ በኋላ ለሚመጣው ልክ ይሆናል። ከአሮጌዪቱ የተረፈው እንጨት ሳይሆን ልክ ነው፤ ልክንም ከአሮጌ ወደ አዲስ የሚያሻግረው የሠራተኛው እጅ ነው። ለሆብስ መልስ የሚሰጥ ቢኖር ይህን ማለት ይችላል፦ የተለቀሙት ብስባሾች ልክ የሚያቀብላቸው አንድ ሠራተኛ ሳይቋረጥ አልነበራቸውም።

ነገር ግን ልክ እንደሚወረስ ሁሉ ጥመትም ይወረሳል። አሮጌ መርከብ ብዙ ዓመት በየብስ ላይ ያለ በቂ ድጋፍ ብትቆም ጫፍና ጫፏ ይዘቅዝቃል፥ ወገቧም ይጐብጣል። ይህን ሳያይ በጐበጠው ላይ አዲስ ሳንቃ የመታ ሰው ጥመቱን አጸናው፤ ቀድሞ የድካም የነበረው አሁን የአናጢ ሥራ ሆነ። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ አስቀድሞ በድጋፍና በሽብልቅ፥ በብዙ ቀን፥ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጥንት ቅርጿ ይመልሳታል። አሮጌ ነገርን መውደድና ያረጀበትን ነገር ሁሉ መውደድ አንድ አይደለም።

የባሕርን ሥራ የማያውቅ ሰው መርከብን የሚያበሰብሳት ባሕሩ ይመስለዋል። በእርግጥ የባሕር ትል እንጨት ይበላል፤ ብስባሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከላይ፥ ከዝናብ ነው። ጨው ሻጋታን ሲከለክል፥ በወለሉ ስንጥቅ የገባው የዝናብ ውሃ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ተቀምጦ እንጨቱን ከውስጥ ይበላዋል። በላዩ ያለው ቀለም ግን ያው እንደ ተወለወለ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን አልፎ ወርቁን እንዲፈልግ፥ መርከብ መርማሪም ቀለሙን ትቶ በመዶሻ እያንኳኳ ድምፅ ያዳምጣል፤ ደኅና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፥ የበሰበሰው ግን ድፍን ያለ ድምፅ አለው።

በ20ኛው መቶ ዓመት እኵሌታ ከመስተዋት ክርና ከሙጫ የሚሠራ፥ ፋይበርግላስ የሚባል ገላ ያላቸው መርከቦች በብዛት ከወጡ ወዲህ፥ ብስባሽ ቀረ ያሉ ነበሩ። አልቀረም፤ ስፍራ ለወጠ። በብዙዎቹ የወለሉ ውስጥ በሁለት ገጽ መካከል ቀላል እንጨት አለበት፤ አንዲት ብሎን በቅጡ ሳትደፈን ብትቀር ውሃው በዚያ ገብቶ በዓመታት ውስጥ እንጨቱን ጭቃ ያስመስለዋል። ምሰሶውን የሚይዙት ገመዶች የሚታሰሩበት የማይዝግ የሚባለው ብረትም እንዲሁ ነው። ይህ ብረት የማይዝገው አየር ሲያገኘው ነው፤ ስለዚህ ከወለሉ በላይ ያለው ወገኑ እያበራ፥ በወለሉ ውስጥ አልፎ ውሃ በቋጠረበት፥ አየርም ባጣበት ስፍራ ይሰነጠቃል። እርሱን ለማየት መፍታት ያሻል፤ መፍታትም ብዙ ቀን ይፈጃል።

ታማኝነት የሚፈተነው በዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች ራሱ የሚሠራ ሰው አያታልልም፥ ራሱ ይሰጥማልና ይላሉ። ይህ አነጋገር ቢያምርም እውነቱ ጐደሎ ነው። የተቀጠረ አናጢ የባለ መርከቡ ዐይን ይጠብቀዋል፤ ለራሱ የሚሠራ ግን ሠራተኛም ዳኛም እርሱ ራሱ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅበት፥ ክረምቱ ሲገባበት፥ ቤተ ሰቡ ሲሰለቹበት፥ ይህችን ጥግ ሳልከፍታት ብተዋት ምን አለ? ይላል፤ የሚከለክለውም የለም። ሰው ባልንጀራውን ለማታለል ብዙ ነገር ማዘጋጀት አለበት፤ ራሱን ለማታለል ግን ቀለም ይበቃዋል። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሌላ ሰው መዶሻ ያስፈልጋል። ወደ ስሎከም ሥራ እየመጡ ይመለከቱ የነበሩት የዓሣ ነባሪ አዳኝ አለቆች የታወቀ የባሕር ሽማግሌነት ነበራቸውና፥ በረዶ ለመስበር እንኳ ትበቃለች ብለው መመስከራቸው ከማመስገን የበለጠ ነገር ነበረ። ሠርተው ለማያውቁ፥ ያዋጣሃልን? ለሚሉት፥ መልስ መስጠት አስፈላጊ አይደለም፤ ይህ የት ድረስ በስብሶ ነበር? ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ መስጠት ግድ ነው።

ከዚህም የሚከብድ አንድ ጊዜ አለ፤ እርሱም ባለ መርከቡ ደክሞ ወይም አርጅቶ የሚሸጥበት ቀን ነው። የከፈተውንም ሳይከፍት የተወውንም የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው፤ ገዢው ቀለሙን ያያል። ስለዚህ ደጋጎቹ መርከበኞች በሥራው ዘመን ሁሉ ደብተር ይጽፋሉ፤ ይህ ሳንቃ በዚህ ቀን ተለወጠ፥ ይህ ብረት ተፈትቶ ታየ፥ በቀኝ በኩል በስተኋላ ያለው ግን አልተፈታም ይላል። ገዢው ይህን የመጨረሻውን መስመር ሲያነብ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሻጩም ይህን እያወቀ ደብተሩን ከመርከቢቱ ጋራ ያስረክባል።