ሲሮጡ የታጠቁት

ልጆቼ፣ በዚህ በአል ዐይን፣ በአል ሙዋይጂ ስንሰበሰብ ወሬያችን ሥራና ቪዛ፣ አገር ቤት የቀረ ወላጅና የሚላክ ገንዘብ ነው። ዛሬ ሌላ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ከመካከላችሁ ሞተር ሳይክል የገዛችሁ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ወደ አቡ ዳቢ፣ ከዚያም አልፋችሁ ወደ ሊዋ አሸዋ፣ ድንበር ተሻግራችሁም ወደ ኦማን ተራሮች ለመዝለቅ የምታስቡ እንዳላችሁ እሰማለሁ። መንገድን መውደድ ነውር የለበትም፤ ወጣት ካልተጓዘ ማን ይጓዛል? ነገር ግን ሞተሩ በረሃ መካከል ቀጥ ሲል ምን እንደምታደርጉ ስጠይቅ «ያኔ እናያለን» ትሉኛላችሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ መልሳችሁ ነው።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በመንገድ ዳር ጥገና ላይ ከዚህ የበለጠ የተነገረ ቃል አላውቅም። በችኮላ የተጠበቀ ብሎን በችኮላ ይላላል። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ጎማ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ይተነፍሳል። ተቃጥሎ በሽቦ የተተካ ፊውዝ መጀመሪያ ያስነሳችኋል፣ ቆይቶ ግን ገመዱን ሁሉ ያቃጥለዋል። ስለዚህ የምመክራችሁ ስለ እጅ ሙያ ብቻ አይደለም፤ ከመነሳት በፊት ስለማሰብ፣ ከቆሙ በኋላም ስለመታገስ ነው።

ይህ መንደር ለመንገደኛ አዲስ አይደለም። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ በ1910 እ.ኤ.አ. እዚያው በእኛ አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደ። በወጣትነቱ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር በረሃ ተጓዘ። በኋላም ሩብ አል ኻሊ የሚሉትን የአሸዋ ባሕር ከበደዊዎች ጋር በግመል አቋረጠ። በ1948 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን ጉዞውን ፈጽሞ የመጣው እዚሁ አል ሙዋይጂ፣ ያኔ የዚህ አካባቢ አስተዳዳሪ ወደነበሩት ወደ ሼክ ዛይድ ነው። እነዚያ በደዊዎች ውሃቸውን የሚጭኑት በፍየል ቆዳ ስልቻ ነበር። የግመሉ ጤና የሚታየው፣ ስልቻው የሚፈተሸው ውሃ ካለበት ሳይነሱ ነው፤ አሸዋው መካከል ከገቡ በኋላ የሚያፈስ ስልቻ ማወቅ ምን ይረባል? ዛሬ ከዚህ እስከ አቡ ዳቢ ያለውን ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በአስፋልት ትበሩበታላችሁ፤ በግመል ዘመን ግን የቀናት መንገድ ነበር። አስፋልቱ መንገዱን አሳጠረው እንጂ ፀሐዩን አላበረደውም።

ደግሞ ይህን የተምር ጫካ ተመልከቱ። የሚያጠጣው ፈለጅ የሚባለው የመሬት ውስጥ የውሃ ቦይ ነው። ፈለጅ ካልተጠረገ ይደፈናል፤ ሲደፈን ዛፉ ይደርቃል። ሼክ ዛይድ በዚህ በኖሩበት ዘመን ከሚወደሱበት ሥራ አንዱ ያረጁትን ፈለጆች ማስጠረጋቸውና አዳዲስ ማስቆፈራቸው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የአል ዐይን የተምር ጫካዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ፣ የከበረው የውበታቸውን ያህል የጠራጊዎቹ ትዕግሥት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ሞተራችሁ ልመለስ። አገር ቤት በቅሎ ጭኖ የሚሄድ ነጋዴ ሌሊት ተነስቶ አስቀድሞ ጀርባዋን በእጁ ይዳስሳል፤ ጥቂት ከተላጠች ኮርቻውን ያስተካክላል፣ ካበጠች ጉዞውን ያሳድራል። እናንተም ማሽናችሁን እንዲሁ ዳስሱት። ይህንንም የመነሻችሁ ዕለት ጧት ሳይሆን ቀናት ቀደም ብላችሁ አድርጉት፤ አዲስ የተገጠመ ዕቃ ሁሉ ከተማ ውስጥ ተነድቶ መፈተን አለበትና።

የጎማውን አየር ሳይሞቅ፣ በማለዳ ለኩ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜና በሙቀት ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላልና «ገና አዲስ ይመስላል» አትበሉ። ካቴናውን በጣታችሁ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ እዩት፤ በጣም የላላ ይወልቃል፣ በጣም የጠበቀም ይበጠሳል፣ ኩሽኔታም ይጨርሳል። ዘይቱን፣ የፍሬኑን ሸራ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ፣ የባትሪውን ጫፎች ተመልከቱ። የአየር ፊልትሮውን አራግፉ፤ የዚህ አገር ደቃቅ አሸዋ ሳይታይ ይገባና ሞተሩን ያፍነዋል።

ከዚያ ስንቅ ያዙ። ጎማችሁ ከመነዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ ያለው ነው ወይስ የሌለው? ይህን ሳያውቅ መንገድ የወጣ ሰው መዋጋት የማይችልበትን መሣሪያ ታጥቋል። ያለው ከሆነ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ልጣፊ፣ ማስቲሽ፣ ጎማ መፈልቀቂያ ብረትና ፓምፕ ያስፈልጋል። የሌለው ከሆነ ቀዳዳ መሰኪያውና አየር መሙያው ይበቃል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ በዚህ ሙቀት በሻንጣ ውስጥ ይደርቃል፤ ለችግር ቀን ስታወጡት እንደ ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ በሞተራችሁ ብሎን ልክ የሚሆን ቁልፍ፣ ትርፍ ፊውዝ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ጥቂት ሽቦና ፕላስተር ጨምሩ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም።

ሁሉን አድርጋችሁም ሞተሩ ይቆም ይሆናል። ሲቆም የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አይደለም፤ ነፍስን ማትረፍ ነው። ከአስፋልቱ ፈጽማችሁ ውጡ፤ መብራቱን አብልጭልጩ፤ ሊታይ የሚችል ልብስ ልበሱ። ለሚመጣ መኪና ጀርባ ሰጥቶ መጎንበስ ለሞት ጀርባ መስጠት ነው። ሄልሜቱን አውልቁ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ውሃ ጠጡ። የተቀመጠ ሰው በሽታውን ያያል፤ የተናደደ ሰው ጤነኛውን ብሎን ይፈታል።

ቀጥሎ ቀላሉን ከከባዱ አስቀድሙ። ሞተሩ አልነሳ ሲል ካርቡራቶር ለመፍታት አትሽቀዳደሙ። ማጥፊያው ሳይታወቅ ተጭኖ ይሆን? የጎን ማቆሚያው በደንብ ሳይታጠፍ ቀርቶ ይሆን? ቤንዚን አለ? የባትሪው ጫፍ ላልቶ፣ ፊውዙ ተቃጥሎ ይሆን? ብዙ ጊዜ መልሱ ከእነዚህ በአንዱ ይገኛል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ግን ፈጽሞ አትክፈቱ፤ የሚፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ለመኪናም ለሞተርም ሕግ ነው።

ጎማ ከሆነ ደግሞ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን አስቡ። ብዙ ሰው ከመነዳሪውን አውጥቶ ይለጥፋል ወይም አዲስ ያስገባል፤ ቀዳዳውን ያመጣው ሚስማር ግን ከውጭው ጎማ ውስጥ ተሰክቶ ይጠብቀዋል። ጥቂት እንደሄደ ዳግመኛ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሚስማሩን ከመንቀላችሁ በፊት ቦታውን ምልክት አድርጉበት፤ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ ሾህና ሽቦ ጨርቁን ይይዛልና ጣታችሁ ሳይቆረጥ ታገኙታላችሁ። ከመነዳሪውን ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያም ጠብቁ። ልጣፊው የሚይዘው ማስቲሹ ርጥበቱ ሄዶ ጣት ሲነካው እንዳይለጠፍ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሌለው ሰው የሚሸነፈው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ። የጎማው ጎን የተቀደደ ከሆነ ግን ምንም መሰኪያ አይታመንም፤ ሪከቨሪ፣ ማለትም የብልሽት ማንሻ መኪና ጥሩ።

በአሸዋ ላይ ስትሠሩ ጨርቅ አንጥፉ፤ አንድ ዳዶ ከወደቀች አሸዋ አይመልሳትም። የጎን ማቆሚያው ሰምጦ ሞተሩ እንዳይጥላችሁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አድርጉ። ጀበል ሃፊት ተራራ ከወጣችሁ፣ ከፍታው ከ1,200 ሜትር ያልፋልና ስትወርዱ በማርሽ ያዙት፤ ፍሬን ብቻ ከያዛችሁ ይግልና ይከዳችኋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን አባይ በረሃን የወረደ ሹፌር ይህን ያውቀዋል።

ፀሐዩን ደግሞ አትናቁ። የዚህ አገር መንግሥት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 በፀሐይ ላይ መሥራትን ከልክሏል። ሕግ የከለከለውን ሰዓት እናንተ በበረሃ ጎማ ለመቀየር አትምረጡት። ሌሊት ተነሱ፣ ቀትርን በጥላ አሳልፉ። ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታ፣ ራሱን ከሳተ፣ ሞተሩን ተዉትና 998 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ለፖሊስ 999 ነው። ብረት በገንዘብ ይተካል፤ እናታችሁ ግን ሌላ ልጅ ገዝታ አታመጣም።

«እኔ ሰው አላስቸግርም» የሚል ኩራት አለብን፤ እሱን ተዉት። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው።» ቋንቋውን የማታውቁት የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ውሃ ሲሰጣችሁ ተቀበሉ፤ እናንተም የቆመ መንገደኛ ስታዩ አትለፉት። ከዚህም በላይ አንድ ሥርዓት እንድታቆሙ እፈልጋለሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ዕቃውን ተከፋፈሉት፤ አንዱ ፓምፕ፣ አንዱ ቁልፎች፣ አንዱ ከመነዳሪና ማስቲሽ፣ አንዱ የቁስል መድኃኒት ይያዝ። አገር ቤት እድር ለሞት ቀን የሚደርሰው አስቀድሞ ስለተመሠረተ ነው። ለመንገዳችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ ከቤት የሚቀር አንድ ሰው መንገዱንና የምትደርሱበትን ሰዓት ይያዝ፣ ሰዓቱ ካለፈ ይደውል፣ ካልተገኛችሁ ያፋልግ። ብቻውን የሚወጣ ልጅ ሳይነግረን አይውጣ።

የመጨረሻውን ላስምርበት። መንገድ ዳር የተሠራ ጥገና ማድረሻ ነው እንጂ መዳኛ አይደለም። በሽቦ የታሰረው፣ በፕላስተር የተጠቀለለው፣ በመሰኪያ የተደፈነው ሁሉ የሚያገለግላችሁ እስከሚቀጥለው ጋራዥ ድረስ ነው፤ ያውም በዝግታ። ስትደርሱ ማግስቱን ወደ ሰናኢያ፣ ወደ ጋራዦቹ ሠፈር ውሰዱትና በወጉ አሠሩት። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሞተሩ በቆመበት ቀን አይደለም፤ «ሠርቷል፣ ምን ሆነ» ተብሎ ጊዜያዊው ጥገና እንደ ዘላቂ በተቆጠረበት ቀን ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳልና በሚሄድላችሁ ነገር አትታለሉ። ለሳምንት ብላችሁ የወሰዳችሁት ብድር፣ ነገ እታከመዋለሁ ያላችሁት ሕመም፣ በኋላ እንታረቃለን ያላችሁት ወንድም፣ ይህም ሁሉ በሽቦ የታሰረ ነገር ነውና ጊዜ ሳለ በወጉ አስተካክሉት።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እኔ መከራ እንዲመክራችሁ አልፈልግም፤ ለዚህ ነው ያስረዘምኩት። ለሚመጣው ጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንዘርጋው፣ የጎደለውን እንሙላ። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ከድንገተኛ ይሰውራችሁ። ወጥቶ ከመቅረት ይጠብቃችሁ። የወላጆቻችሁን ዓይን ለማየት ያብቃችሁ። አሜን በሉ።