መሰላሉ ላይ ብቻውን የቆመ ሰው

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሐድሊ ካንትሪል እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውን ከአንድ መሰላል ፊት አቁሞ ይጠይቀዋል። ከታች ዜሮ፣ ከላይ ዐሥር። ዐሥር ለእርስዎ ሊሆን የሚችለው ምርጥ ሕይወት ነው፤ ዜሮ ደግሞ የከፋው። ዛሬ የትኛው እርከን ላይ ነዎት? የመሰላሉን ጫፍና ሥር የሚወስነው ጠያቂው ሳይሆን የመላሹ የራሱ ተስፋና ስጋት ነው። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ድርጅት ጋሉፕ ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ያቀርባል፤ የዓለም የደስታ ሪፖርትም አገሮችን የሚደረድረው በዚሁ መልስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ዓለምን ሲያናጋ ቁጥሩም አብሮ የሚናጋ ይመስል ነበር። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ትናንት ተጨንቄ ወይም አዝኜ ነበር ያሉ ሰዎች ቢበዙም፣ ለሕይወት የተሰጠው አማካይ ነጥብ እምብዛም አልወረደም። ፊንላንድም እንደ ወትሮው አንደኛ ነበረች።

ይህ የሰውን ጽናት ይመሰክራል፤ ደስም ያሰኛል። ሆኖም በዚያ ዓመት ቤት ለቤት መጠየቅ በብዙ አገር ስለ ተከለከለ ጥያቄው በስልክ ሆነ። ስልክ የሌለው አልተጠየቀም። በኦክስጅን የሚተነፍሰው ስልኩን አላነሳም። የሞተው ደግሞ ከነጭራሹ ከአማካዩ ወጥቷል። አማካይ ምንጊዜም የተራፊዎች ቃል ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። በመከራ ጊዜ ተስፋ ራሱ ያጥራል። ዐምና ቤት መሥራትን ይመኝ የነበረ ሰው ዘንድሮ እናቱ ከሆስፒታል በሕይወት እንድትወጣለት ብቻ ይለምናል። ያኔ አምስት ያለ፣ ዛሬም አምስት ይላል፤ የቆመበት ግን ያው ቦታ አይደለም።

ባህልም የራሱ ድርሻ አለው። የላቲን አሜሪካ ሰዎች ከገቢያቸው ከሚገመተው በላይ ከፍ ያለ ነጥብ ሲሰጡ፣ ጃፓናውያን ወደ መካከሉ ያዘነብላሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን አስተውለው፣ አንድ ሰው በዙሪያው ያሉትም ደስተኞች እንደሆኑ ይሰማው እንደሆነ የሚጠይቅ ሌላ መለኪያ አዘጋጅተዋል። እኔ ልቤን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና ተጨባብጦ ሰላም መባባልም ተከለከለ። ክልከላው ሕይወት ለማዳን የወጣ ነበርና ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ ዘመድ ከሩቅ መጥቶ ካላለቀሰ ሐዘንተኛ እንዴት ይጽናናል? እንዲህ ያለውን ሰው በስልክ «ሕይወትዎ ከዐሥር ስንት ነው?» ቢሉት መጀመሪያ «ተመስገን» ይላል። መዋሸቱ አይደለም፤ ምስጋናውን ለፈጣሪው አቅርቦ ሲያበቃ ቁጥሩን ለጠያቂው ይሰጣል። ሳያለቅስ የቀበረው ወንድሙ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

መለኪያው ይጣል አልልም። ያልተቆጠረ ሐዘን በጀት አይመደብለትም፤ መንግሥትም አያየውም። የምለው መሰላሉ ሰውን ብቻውን ስላቆመው በሰውና በሰው መካከል ያለውን ሀብት አላየም ነው። ያ ሀብት ደግሞ በእርግጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ ሪፖርት እንዳሳየው የማያውቁትን ሰው መርዳት፣ መለገስና በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው በሩብ ያህል ጨምሮ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ በፊት ከመሰላሉ ጎን ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ በታመሙ ጊዜ ማን ደረሰልዎት? እርስዎስ ለማን መድረስ አቃተዎት? የእነዚህ መልስ አገርን ከአገር ለማወዳደር ላይመች ይችላል። ከሕመሙ ጋር ብቸኝነት የተጨመረበትን ሰው ለይቶ ለማግኘትና ለመርዳት ግን ይበጃል፤ የመለካት ትርጉሙም ይኸው ነው።