የቅዳሜ ክራር እና የ1,500 ብር ጥያቄ

ክራር ያስተማሩኝ የግቢያችን ጥበቃ ነበሩ። ሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ሆኜ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ከዶርም ስወጣ የጥበቃ ቤቷ በር ላይ ተቀምጠው ሲደረድሩ ሰማኋቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክመረቅ ድረስ፣ ተረኛ በሆኑባቸው ምሽቶች አጠገባቸው ዱካ ላይ ቁጭ እል ነበር። ኖታ የለም፣ ደብተር የለም። ክሩን እያንጎራጎሩ ይቃኙና "ስማ" ይሉኛል። እኔ ስቃኝ ካበላሸሁ ፊታቸው ጭፍግግ ይላል፤ ፈተናው ያ ነበር። በተመረቅኩ ማግስት 500 ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። ሳይከፍቱት መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

"ሸጬልህ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

ያኔ ስቄ አለፍኩት። አሁን ግን እኔ እሸጣለሁ።

ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ "አስተምረና" አሉኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ጀመርን። አራት ስንሆን አከራዬ ተማረሩ። መገናኛ አካባቢ አንድ ክፍል በ9,000 ብር ተከራየሁ። ኪራይ ካለ ክፍያ ሊኖር ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 1,500 አልኩ። አሁን ስምንት ተማሪ አለኝ። ከኪራይ የሚተርፈው 3,000 ብር ለክር፣ ለሻይ እና ለተሰበረ ክራር ማስጠገኛ ይሄዳል። ቲክቶክ ላይ "የምትወደውን ነገር ወደ ገንዘብ ቀይር" የሚሉን ልጆች ይህን ሂሳብ ቢያዩት ያዝኑልኛል።

ለራሴ የምከራከርበት ነገር አላጣሁም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ባለሙያ አስተምሮ ሲከፈለው ነውር የሚል የለም። "ድሮ እውቀት በነጻ ነበር" ለሚለኝም መልስ አለኝ። የኔታ ቅኔ ሲያስተምሩ ክፍያ አይጠይቁም፣ እውነት ነው። ተማሪው ግን አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ነው የሚያድረው። የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍሉት ከሌማታቸው ቁራሽ እየቆረሱ የሚሰጡት የመንደሩ እናቶች ናቸው። ጋሼም ቢሆኑ ደሞዛቸውን ዩኒቨርሲቲው ይከፍላቸው ነበር፤ ምሽቱ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ አባርርላቸዋለሁ። መገናኛ ላይ ለኔ ክፍል ቁራሽ የሚሰጥ መንደር የለም።

በሥራዬም ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ኮድ የተማርኩት ሌሎች ጽፈው በነጻ ከለቀቁት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ጂኤንዩ የሚባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር ያነሳው ነጻነት የዋጋ ጉዳይ አልነበረም፤ ነጻ ሶፍትዌርን መሸጥም ይቻላል ባይ ነው። የሚገርመው የኛም "ነጻ" እንደ እንግሊዝኛው ሁለቱንም ትርጉም ተሸክሟል። በነጻ ያልሆነ ነገር ነጻ ሊሆን ይችላል። እዚህ ድረስ ክርክሩን አሸንፌያለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ ሁለት ተማሪዎች መጡ።

አንደኛው ባንክ የሚሠሩ፣ ከኔ በሃያ ዓመት የሚበልጡ ሰው ናቸው። "መምህር" ይሉኛል፣ በጣም አፍራለሁ። አሥራ አራት ወር ተምረው ዛሬም ትዝታን ከባቲ በጆሯቸው አይለዩም። መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው፦ ትዝታ ሜጀር ከተቃኘ ክራር ላይ ከአምስቱ ድምጾች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምጽ ታላላለህ፣ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሁለት ክር ብቻ፣ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ስሜት ይለወጣል። እሳቸው ስልካቸው ላይ ያለው መቃኛ አረንጓዴ ሲያበራ ደስ ይላቸዋል እንጂ ለውጡን አይሰሙትም። እንደማይሰሙት ካወቅኩ ዓመት አልፎኛል። አልነገርኳቸውም። በየወሩ በመጀመሪያው ቀን፣ ከሁሉም ቀድመው ይከፍላሉ።

ሁለተኛዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አስናቀች ወርቁን በስልኳ እየሰማች ቤቷ የለማመደች ልጅ ናት። አምባሰልን በሦስተኛው ሳምንት ያለ መቃኛ ቃኘች። በዚያች ቅጽበት ፊቴ ላይ ምን እንደታየ አላውቅም፣ ጋሼ አንድ ሁለቴ ያሳዩኝ ፊት ይመስለኛል። የራሷ ክራር ስላልነበራት ከኔ አንዱን እየወሰደች ትመልሳለች።

ዲቨሎፐር ነኝና ክፍያ መጠየቅ ስለሚያሳፍረኝ ቴሌግራም ቦት ሠርቼ ነበር። ስም፣ ቀን፣ ያልተከፈለ ወር፣ መልእክት። አንድ ማታ ተቀምጬ ጨረስኩት፣ ኮሩም ኮራሁበት። ልጅቷ ሁለት ወር አልከፈለችም ነበር። ቦቱ "የ2 ወር ክፍያዎ አልፏል፤ እባክዎ በ3 ቀን ውስጥ ይክፈሉ" ብሎ ላከላት። በሦስተኛው ቀን የወሰደችውን ክራር በታናሽ ወንድሟ መለሰች። በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ቅዳሜ አልመጣችም።

መልእክቱን እኔ አልላክሁትም ማለት እችል ነበር። ግን እያንዳንዷን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ "እባክዎ"ን ጭምር። የጋሼ ጥያቄ የገባኝ ያኔ ይመስለኛል። ብር መቀበሉ ላይ ዛሬም ጥፋት አላይም። የማየው ይህንን ነው፦ ማን እንደሚቀጥል፣ ለማን እውነት እንደሚነገር፣ ማን እንደሚሸኝ ቀስ በቀስ ብሩ ሲወስን እኔ ተኝቼ ነበር። ጆሮ የሌላቸው ሰው ከፍለው ዝምታዬን ገዙ። ጆሮ ያላት ልጅ ባለመክፈሏ ወጣች። ሁለቱንም ውሳኔ እኔ አልወሰንኩም፤ አለመወሰኔ ነው የሚያሳፍረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ሰውየውን አስቀርቼ ነገርኳቸው። ላብ እያጠመቀኝ፣ "ጆሮዎ እስካሁን ቅኝቱን እየያዘ አይደለም፣ ይህን ቀደም ብዬ ልነግርዎት ይገባ ነበር" አልኩ። ክራሩን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ዝም አሉ። ከዚያ "እሱንማ አውቃለሁ" አሉኝ። "በሳምንት ውስጥ ሪፖርት የማልጠየቅበት ሁለት ሰዓት ይቺ ናት።" ይቀጥላሉ። ግን አሁን ምን እንደምሸጥላቸው ሁለታችንም እናውቃለን፣ እኔም ቢያንስ ፊታቸውን ሳላይ አላስተምርም።

ለልጅቷ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ "ክፍያውን ተዪው፣ ነይ" አልኳት። "እሺ" አለችኝ፤ ማንም ሰው ስልክ ለመዝጋት የሚላት አይነት እሺ ናት። እኔም ብሆን አልመለስም ነበር፤ ባለዕዳ ተብሎ የተጻፈለት ሰው በምሕረት ሲጠራ ደስ አይለውም። አሁን አምስት ቅዳሜ አልፏል። ክራሩን ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም።

ቦቱን አልጣልኩትም። ስም እና ቀን ይመዘግባል፣ መልእክት የምትልከዋን መስመር ግን አጥፍቻለሁ። አሁን ያልከፈለን ሰው በአፌ ነው የምጠይቀው፣ እየተንተባተብኩ፣ ለምን እንዳልከፈለም እየሰማሁ። በዚህ ወር ሦስት ሰው አልከፈለም። ሁለቱን ጠይቄያለሁ፣ አንዱን ገና ነኝ። የክፍሉ ኪራይ ሐሙስ ነው።