መጽሐፉ ካለ ጨዋታው አለ ወይ?

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን አዘጋጅነት አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ፣ አንድ ሣጥን ውስጥ የገቡ ሦስት ቀጫጭን ደብተሮች ነበር። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይይዛሉ፣ ያልተረጋገጠውን ነገር ዳይስ ይወስናል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ደጋግሞ ታድሷል፤ ሁለተኛው እትም በ1989፣ ሦስተኛው በ2000፣ አራተኛው በ2008፣ አምስተኛው በ2014 ወጣ። እትም በተለወጠ ቁጥር “ይህ እኮ ያ ጨዋታ አይደለም” የሚል ሙግት ይነሳል። ከውጭ ለሚያየው የሥራ ፈቶች ጭቅጭቅ ነው። ውስጡ ግን ፈላስፎች ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ አለ፦ አንድ ነገር አካሉ እየተለወጠ ያው ራሱ ነው የምንለው በምኑ ነው? በእኔ እምነት አኩራፊዎቹ ከሚታሰበው በላይ እውነት አላቸው፤ ምክንያታቸውን ግን ብዙ ጊዜ አሳስተው ያቀርባሉ።

የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “አሮጌውን መጽሐፍ ማን ወሰደባችሁ? መደርደሪያችሁ ላይ አለ፤ አውርዳችሁ ተጫወቱ።” ይህ መዝገበ ቃላቱ እስካለ ድረስ ቋንቋው አለ እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ የስምምነት ሰነድ ነው፤ ስምምነት ደግሞ ተስማሚዎች ይፈልጋል። አዲስ ተጫዋች የሚገባው ሱቅ ባገኘው መጽሐፍ በኩል ስለሆነ፣ አሮጌውን የሚወድ መሪ ከዓመት ዓመት ጠረጴዛውን የሚሞሉለት ሰዎች ያጣል። ንብረቱን የነካበት የለም። የተነካበት አብሮ የመጫወት ዕድሉ ነው።

ለመሆኑ የሚለወጠው ምንድን ነው? በመጀመሪያዎቹ እትሞች ጀማሪ አስማተኛ በቀን አንዲት ድግምት ብቻ ነበረችው። ከተጠቀመባት ከአእምሮው ትጠፋለች፤ ተኝቶ ተነሥቶ እንደገና እስኪያጠናት ባዶ እጁን ነው። ሕይወቱ ደግሞ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ላይ የተንጠለጠለች ስለሆነች አንዲት ጩቤ ትበቃው ነበር። ስለዚህ ይህን ሚና የያዘ ሰው ከሰይፈኞቹ ጀርባ መቆምን፣ መደራደርን፣ ሲያስፈልግም ሳያፍር መሸሽን ይማራል። በአራተኛው እትም ግን አስማተኛው ባሻው ጊዜ ሁሉ የሚደጋግማቸው ድግምቶች ተሰጡት። ተራው ደርሶ የሚሠራው አጥቶ የሚቀመጥ ሰው አልኖረም፤ ይህም ትልቅ ቁም ነገር ነው። ነገር ግን ቀድሞ ብልህነት የነበረው መሸሽ አሁን ፍርሃት ሆነ፤ ደንቡ የሚያመሰግነው የሰው ዓይነት ተለወጠ። በሌላ በኩል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻል የነበረው የጥሩር መለኪያ በሦስተኛው እትም ተገልብጦ ሲበዛ የሚሻል ሆኗል። ሒሳቡ ከሥሩ ነው የተገለበጠው፤ ዛሬ ግን በናፍቆት የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ተጫዋቾች ለውጥን በጅምላ የሚጠሉ ቢሆኑ ኖሮ ይህንንም ባለቀሱበት ነበር።

“ነገሩ ናፍቆት ነው፤ ሁሉም በልጅነቱ ያገኘውን እትም እውነተኛው ይለዋል” የሚሉም አሉ። ናፍቆት የለም አልልም፤ ከሰባዎቹ ደንብ ጋር ተጣብቆ የቀረ ሰው ሞልቷል። ይሁንና በ2009 ፓይዞ የተባለው አሳታሚ ፓዝፋይንደርን አውጥቶ፣ አራተኛውን እትም ያልወደዱትን ብዙዎች የሰበሰበው በሦስተኛው እትም ደንብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ያ ደንብ ገና የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበረው። ከተከታዮቹም መካከል ሁለተኛውን እትም ራሳቸው በደስታ ጥለው የመጡ ነበሩ። ትናንት አዲሱን በእልልታ የተቀበለ ሰው ዛሬ አዲሱን ሲገፋ፣ የገፋበትን ነገር መመርመር እንጂ ልጅነቱን መመርመር አያዋጣም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። መሪው ማንኛውንም ደንብ የመለወጥ ሥልጣን እንዳለው መጻሕፍቱ ራሳቸው ይናገራሉ፤ እንግዲያው እትም ብሎ ነገር ምን ትርጉም አለው? እዚህ ላይ የእኛን ገበጣ ማሰብ ይጠቅማል። ገበጣ አሳታሚ የለውም፤ አጨዋወቱ ከአገር አገር ይለያያል፣ የተለያየ አገር ሰዎች ሲገናኙ በየትኛው እንደሚጫወቱ ተነጋግረው ጠጠራቸውን ይዘራሉ። ይህ የሚሆነው ግን የገበጣ ደንብ ባጭር ጊዜ ተነግሮ ስለሚያልቅ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ያሉትን ደንብ በየምሽቱ ከሀ እስከ ፐ ሊደራደር የሚችል የለም። ጥቂት አንቀጾችን መለወጥ የሚቻለው የቀረውን ሁሉም በጋራ ስለሚያውቀው ነው፤ ያ የጋራ መሠረት ደግሞ ያለው ድርጅት እጅ ነው። ድርጅት መጽሐፍ ሸጦ ቢያተርፍ ኃጢአት የለበትም። ግን ትርፉ የሚመጣው ሰው ደጋግሞ ሲገዛ ነው፤ የተጫዋቹ ስምምነት ደግሞ የሚጠነክረው ሲቆይ ነው። የኩርፊያው ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል።

በጥር 2023 ይህ ነገር ፊት ለፊት ወጣ። የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2000 ሌሎች አሳታሚዎች ደንቡን እንዲጠቀሙ የሰጠውን ክፍት ፈቃድ የሚተካ ረቂቅ ማዘጋጀቱ ሾልኮ ሲታወቅ ተቃውሞው በረታ፤ ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው ሐሳቡን ትቶ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንብ በማይሻር የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ለቀቀ። ስሙ የኩባንያው ሆኖ ቀረ፤ ያንን ደንብ ግን ማንም አትሞ መሸጥ ይችላል። ስምና ደንብ በተለያየ እጅ ከወደቁ፣ ጨዋታው ያለው ሁለቱም ዘንድ አይደለም፤ ተቀምጠው የሚስማሙበት ሰዎች ዘንድ ነው። ኩባንያውም ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስልም፤ በ2024 የተከለሱትን መጻሕፍት ሲያወጣ ስድስተኛ እትም አላላቸውም፣ ከ2014ቱ እትም የጀብዱ መጻሕፍት ጋር አብረው እንደሚሠሩ ነበር የተናገረው።