ቃፊሮቹ ሲገቡ

ክረምት ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ በሰቆጣ ዙሪያ የንብ መንጋ ይወጣል። አንድ አዛውንት ንብ አርቢ ወንድ ልጃቸውንና ታናሽ እኅቱን ጠርተው፣ «ለየራሳችሁ ቀፎ አዘጋጁ፤ መንጋ የገባለት ማሩ የራሱ ነው» አሏቸው።

ልጁ ቀፎውን በእበትና በአመድ ለሰነው፣ በቀይ አፈር ቀባው፣ ዙሪያውን ሐረግ ሣለበት። መንገድ ዳር ካለ ዋርካ ላይ ሲሰቅለው ገበያ የሚሄድ ሁሉ ቆም እያለ አደነቀለት። እኅቱ ግን ቀፎዋን ወደ ፀሐይ አቀናችና በአፉ በኩል አጮለቀች። ከወገቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ታየቻት፤ ደፈነቻት። ደግማ አጮለቀች፤ ሌላ አገኘች። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ እስኪሆን ድረስ ስትደፍን ዋለች፤ ከዚያ በወይራ ጭስ አጠነችው።

ቤት ፈላጊዎቹ ንቦች፣ ቃፊሮቹ፣ መጡ። ቀድመው የሄዱት ወደ ልጁ ቀፎ ነው። ገቡ፣ ግድግዳውን እየተራመዱ መረመሩ። በስንጥቅ የገባ ጉንዳን ጠበቃቸውና ወጡ። ከልጅቱ ቀፎ ሲገቡ ግን ቆዩ። በማግስቱ መንጋው ከነአውራው እዚያ ሰፈረ።

ልጁ ከፍቶት፣ «አባዬ፣ የኔን አገሩ ሁሉ ሲያደንቀው አልነበረም?» አላቸው።

«ልጄ፣ የሚያድርበት እኮ አድናቂው አይደለም። ሥዕሉ አልጎዳህም፤ የጎዳህ ስትሥል የዋልክበት ቀን ነው» አሉት።

ይህን የምነግረው ከዋግ፣ ማለትም ከሰቆጣ፣ ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ተነሥቶ ምህንድስና መማር ለሚመኝ ተማሪ ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሌላ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። ብሔራዊ ፈተናውም ቢሆን በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምርመራው ጠብቋል። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች መልስ ሸምድዶ መግባት ቀፎ መቀባት ነው።

ተማሪው ስንጥቁን እንዲያገኝ፣ የሳታትን እያንዳንዷን ጥያቄ በአንድ ደብተር ይጻፋት፤ ከጎኗም ለምን እንደሳታት፦ ሐሳቡ አልገባኝም፣ ስሌት ተሳሳትኩ፣ ወይስ እንግሊዝኛው ጠፋኝ? ይህች ሦስተኛዋ ለዋግ ልጅ ዋና ናት። ብዙ ልጅ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ አፉን ፈትቶ፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ፊዚክስ አልችልም ብሎ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ያቃተው አንድ የጥያቄ ዐረፍተ ነገር ማንበብ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በየቀኑ አንድ ገጽ በማንበብ የሚደፈን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት እነዚህን ልጆች ከክፍል አውጥቷቸው ነበር። ከሌላው አገር ልጅ የበዛ ስንጥቅ ቢገኝባቸው ስንፍና አይደለም፤ መምህራንም ወላጆችም ይህን አጥብቀው ሊነግሯቸው ይገባል።

ወደ ውጭ ለሚያመለክትም ነገሩ ያው ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገር ተማሪን ሲመርጥ የመክፈል አቅሙን አይመለከትም፤ ለተቀበለውም የጎደለውን ወጪ ይሸፍናል፤ አመልካቹ በእጁ የሠራውንም አቀናጅቶ እንዲልክ ይፈቅዳል። ለዚህ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በየቤቱ የተጣለ የፀሐይ ኃይል መብራት አለ። ፈትቶ፣ የሞተው ባትሪው ይሁን ፓነሉ ወይስ የተበጠሰ ሽቦ ለይቶ፣ የሞከረውንና ያልሠራለትን በቀን በቀኑ የጻፈ ተማሪ ከአሥር የተሳትፎ ምስክር ወረቀት የሚበልጥ ነገር ይዟል። ሲፈታና ሲገጥም ያየው መምህርም የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ «ታታሪና ጨዋ ነው» ብሎ አያበቃም፤ ሽቦው የት ላይ ተበጥሶ እንደነበረና ልጁ እንዴት እንደደረሰበት ይጽፍለታል።