ሰሙን ማን ያቅልጠው?

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው፣ የባሕር ዛፉ ደን ከተራራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለዋል። ይህ የዐይን ስሕተት ነው። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ፣ የማገዶ እጦት ያስጨነቃትን አዲሲቱን ከተማ የታደገ እንግዳ ነው። የሚያስገርመው ግን መሳሳታችን ሳይሆን የስሕተታችን ማረሚያ በገዛ አፋችን ውስጥ መኖሩ ነው። «ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ የባሕር ዛፍ ምን ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሕፃን እንኳ ቆም ብሎ ስሙን እንደ አዲስ ያዳምጠዋል። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ዕለት ተዕለት ሲነግረን ኖሯል፤ የሰማነው ግን ስንጠየቅ ነው።

ልማድ አእምሮን ምን ያህል እንደሚያሳውር አብርሃም ሉቺንስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። 21፣ 127 እና 3 መጠን የሚይዙ ማድጋዎች ተሰጥተው 100 መጠን ውሃ ስፈሩ ቢባል፣ መንገዱ ትልቁን ሞልቶ በ21ዱ አንድ ጊዜ፣ በ3ቱ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው። በዚህ ስልት የሚፈቱ ጥያቄዎችን ደጋግመው የሠሩ ሰዎች፣ 23፣ 49 እና 3 በሚይዙ ማድጋዎች 20 መጠን እንዲሰፍሩ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ያንኑ ረጅም መንገድ ሄዱ። ከ23 ላይ 3 መቀነስ እንደሚበቃ አላዩም። ከአንድ ቀመር በቀር የማያስተምር ትምህርት ቤትም የሚያፈራው እንዲህ ያለውን ሰፋሪ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። እንቆቅልሽ ጠያቂውም ሆነ ባለ ቅኔው አድማጩን ሆን ብለው ያሳስታሉ። ለመሆኑ ሰውን ወደ እውነት ለማድረስ በስሕተት መንገድ መምራት ተገቢ ነውን? አሳስቶ ማስተማርና አታልሎ መግዛትስ በምን ይለያያሉ?

የቀድሞው ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነበር የሚሉ ሰዎች ቅኔ ቤትን ይዘነጋሉ። የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር የሚሰማው ቅኔ ለዕለቱ የተፈጠረ እንጂ ካለፈው ዓመት የተቀዳ እንዲሆን አይጠበቅም። ተማሪውም ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ፣ የራሱን ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ያቀርባል። የሰምና ወርቁን አሠራር በአማርኛ በቀላሉ ለማሳየት ያህል፣ «ሠዓሊው ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረ» ብንል፣ አንዱ አድማጭ በሽተኛውን ያዝንለታል፤ ሌላው ትጉሁን ያደንቀዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቢላዋ የያዘ ሰው ይታየዋል። ቃሉ አንድ ነው፤ የተደበቀም ነገር የለም።

ልዩነቱም ከዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1892 በአንድ የጀርመን የቀልድ መጽሔት የወጣውና ኋላ ፈላስፋው ዊትገንስታይን የተጠቀመበት ሥዕል፣ አንዴ ዳክዬ፣ አንዴ ጥንቸል ሆኖ ይታያል። ሁለቱም በዚያው መስመር ላይ ናቸው፤ ተመልካቹ ሠዓሊውን ሳይለምን ራሱ ያገኛቸዋል። ጨዋ እንቆቅልሽ መክፈቻውን በሰሚው እጅ ትቶ ያሳስታል። አታላይ ግን መክፈቻውን በኪሱ ይዞ ይዞራል። በጭቆና ዘመን ለደካማው ጋሻ የነበረው ድርብ ንግግርም በሹም አፍ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል፦ ሹሙ ያዝዛል፤ ነገሩ ሲበላሽ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይላል። ይህን ቅኔ ብሎ መጥራት ቅኔን መስደብ ነው።

የልጆቻችን ጨዋታም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱን ካጣ፣ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ሰጥቶ መልሱን ይገዛል። በጨዋታ ደንብ ይህ አስደሳች ነው። አንዳንድ መምህር ግን ከእንቆቅልሹ ይልቅ አገር መቀበሉን ይወድዳል፤ የሚጠይቀው ተማሪው እንዲያስብ ሳይሆን የራሱ ዐዋቂነት እንዲታይ ነው። ቸኩሎ መልሱን የሚናገረውም ከእርሱ ብዙ አይሻልም።

አንጥረኛው ምን እንደሚሠራ እናስተውል። ሰሙን በሚፈልገው ቅርጽ ያበጀዋል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። እንግዲህ ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። የተማሪ የመጀመሪያ ስሕተትም እንዲሁ ነው፤ ተቆርጦ የሚጣል ትርፍ ሳይሆን ኋላ የሚመጣው እውቀት የሚይዘው ቅርጽ ነው። ስለዚህ ሰሙን ማቅለጥ የተማሪው ድርሻ ሊሆን ይገባል፤ የመምህሩ ድርሻ እሳቱን ማቆየት ነው።

ወደ ባሕር ዛፉ እንመለስና፣ አንድ ልጅ «ድሮ እዚህ ባሕር ስለ ነበረ ነው» ብሎ መለሰ እንበል። መልሱ የተሳሳተ ነው፤ እንጦጦ እሳተ ገሞራ የወለደው ተራራ ነው። ቢሆንም መምህሩ «ተሳስተሃል» ብሎ ካለፈው፣ በዓባይ ሸለቆ ስለሚታየው የኖራ ድንጋይ ለመናገር የተሰጠው ዕድል ያመልጠዋል። ያ ድንጋይ ከመቶ ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ሸፍኖ የነበረ ባሕር ያስቀመጠው ነው። ይህን የሰማ ልጅ ዛፉን ለጊዜው ይተወውና «ታዲያ ባሕሩ ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል።