ለሥራ የተጠራ ሰው ቤቱ የት ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ከሩቅ አገር ጠርቶ ሲቀጥር የሚወስደው ዕውቀቱንና ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ከወላጆቹና ከወገኖቹ ጋር ሊያሳልፈው ይችል የነበረውንም ጊዜ ነው። ደመወዝ የሥራ ዋጋ ነው፤ የጉዞ አበልና የአገር ቤት ፈቃድ ግን ለዚህ ለሁለተኛው ጉድለት የሚሰጥ ካሣ ነው። በአዲስ አበባና በናይሮቢ ያሉትን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚያውቅ ሰው ልማዱን ያውቀዋል። ከአገሩ ውጭ ተመድቦ የሚያገለግል ዓለም አቀፍ ሠራተኛ በየጊዜው በድርጅቱ ወጪ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ እዚያው ከአገሩ የተቀጠረው ባልደረባው ግን ይህ መብት የለውም። ምክንያቱ ግልጽ እስከ ሆነ ድረስ በዚህ ልዩነት የሚከፋ ብዙ ሰው አይኖርም። አንድ ሰው ግን ሁለት አገር ሲኖረው የትኛው ነው ቤቱ የሚባለው?

ይህ ጥያቄ በአውሮፓ ኅብረት ሠራተኞች መካከል ተነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራተኞቹን መተዳደሪያ ደንብ አሻሻለ። ከዚያ በፊት የዓመታዊ ጉዞ ወጪና የመንገድ ቀናት የሚታሰቡት በሠራተኛው መዝገብ ላይ «የመነሻ ስፍራ» ተብሎ ከሰፈረው ቦታ ርቀት ነበር። ከ2014 መግቢያ ጀምሮ ግን ሁለቱም ጥቅሞች በዋናነት የባዕድ አገር ኑሮ አበል ለሚያገኙ ሠራተኞች ሆኑ። ይህ አበል ከመሠረታዊ ደመወዝና ከቤተሰብ አበል ድምር 16 በመቶ ሲሆን፣ መመዘኛው በዋናነት ዜግነት ነው። የሚሠራበት አገር ዜጋ የሆነ ወይም ቀድሞ የነበረ ሰው አበሉን የሚያገኘው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አሥር ዓመት ሙሉ ከዚያ አገር ውጭ ከኖረ ብቻ ነው።

በዚህ ለውጥ ከተጎዱት መካከል ቤልጅግ ውስጥ የሚሠሩ፣ ከመጡበት አገር ዜግነት ጋር የቤልጅግን ዜግነት ደርበው የያዙ ሠራተኞች ይገኙበታል። የመነሻ ስፍራቸው ከቤልጅግ ውጭ እንደ ሆነ መዝገቡ ይመሰክራል፤ የጉዞው ጥቅም ግን ቀረባቸው። እኩል አልታየንም ብለው ከሰሱ። የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት በ2019፣ የበላዩ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2021 ክሱን ውድቅ አደረጉት። በፍርዱ መሠረት የሠራተኞችን ደንብ ለማሻሻል ሕግ አውጪው ሰፊ ሥልጣን አለው፤ ዜግነትም ሰው ከሚሠራበት አገር ጋር ያለውን ትስስር የሚያሳይ ተጨባጭ መመዘኛ ነው።

ጉዳዩን ከሥነ ምግባር አንጻር ለሚመረምር ሰው ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ለረጅም ጊዜ የተሰጠ ጥቅም ዕዳ ይሆናልን? የሚል ነው። መልሱ አይሆንም ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሌሎች ሰዎች ላብ ነው፤ ስለዚህ «ድሮም ስናገኘው ኖረናል» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አይቆምም። ጥቅም የሚጸናው በዕድሜው ሳይሆን በምክንያቱ ነው። ይኸው ሐሳብ ግን ሕግ አውጪውንም ይጠይቃል፤ ምክንያቱ ሳይሞት ጥቅሙን የሚቆርጥ እርሱም ማስረዳት አለበት።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። «አንተ እዚህ እንግዳ ነህን?» እና «ሌላ ቦታ ቤት አለህን?» የሚሉት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አዲሱ ደንብ የሁለተኛውን መልስ ከመጀመሪያው ወሰደ። የቤልጅግ ፓስፖርት የያዘች ሴት በብራስልስ እንግዳ ላትሆን ትችላለች፤ እናቷ ግን እዚያው በትውልድ መንደሯ ታረጃለች፣ የአባቷም መቃብር እዚያው ነው። ዜግነት ሰው በደረሰበት ቦታ ሥር መስደዱን ይናገራል፤ ከተነሣበት መነቀሉን ግን አይናገርም። ዜግነቷን ብትመልስ እንኳ ደንቡ «ቀድሞ የነበረ» ስለሚል የቀረባት አይመለስላትም።

በአንጻሩ የዳኞቹን ጭንቀት አለመረዳት አይገባም። ለብዙ ሺህ ሰው የሚወጣ ደንብ ናፍቆትን በሚዛን አይለካም። እያንዳንዱ ሠራተኛ አገሩን ምን ያህል እንደሚወድ ያስረዳ ቢባል፣ የአስተዳደር ሹሙ የልብ መርማሪ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከፓስፖርት የከፋ መመዘኛ ነው። ሕግ የሚታይ መስመር ያስፈልገዋል። ይሁንና የመነሻ ስፍራም በመዝገብ የሰፈረ፣ ማንም ሊያየው የሚችል መስመር ነበር። እንግዲህ የተመረጠው ከሚታይና ከማይታይ መካከል ሳይሆን ከሁለት የሚታዩ መስመሮች መካከል ነው፤ ምርጫውም ከሳሾቹን ጎዳ።

ይህ ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ባዕድ ወሬ አይደለም። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ቆጠረው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 የወጣው አዋጅ ደግሞ በሌላ አገር ዜግነት ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መታወቂያ ፈቀደ፤ ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ ያለ ሥራ ፈቃድም እንዲሠሩ አደረገ። ፓስፖርትና ትውልድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሕግ ራሱ ሊያውቅ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ምቾት ያላቸው ሠራተኞች ስለ ጉዞ አበል መካሰሳቸው፣ ከአገራቸው ርቀው ቤት ለሚጠርጉና ዘብ ለሚቆሙ ብዙዎች ቅንጦት ይመስላል። ትዝብቱ እውነት አለው፤ ከሳሾቹም ከፍተኛ ድምፅ እንዳያሰሙ ያስተምራቸዋል። የፍትሕ ጥያቄ ግን በከሳሹ ድህነት ብቻ አይመዘንም።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል የአገራችን ሰው። ከሳሾቹ በቅሎዋን አጥተዋል፤ የሄደችው ግን ክርክራቸው ተሰምቶ፣ ምክንያቱም ተጽፎ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዳኛ «ሕግ አልተጣሰም» ሲል «ሕጉ መልካም ነው» ማለቱ አይደለም። ሁለተኛው ፍርድ የሕግ አውጪው ነው፤ ሰውን ከቤቱ የጠራ ሁሉ፣ ያ ቤት የት እንዳለ ከራሱ ከሰውየው ሳይጠይቅ ሊወስን አይገባውም።